የጋሽ ምናልባት ሠላሳ አንድ ቃላት

መርፌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ከሆስፒታል የወጣ ይመስለዋል። ቀጭን ነው ብል አይገልጸውም፤ ሸሚዙ ራሱ ሰው ያልለበሰው፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነው የሚመስለው። ቅጽል ስሙ ግን ከቅጥነቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከጣቶቹም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እነዚያ ጣቶች ከትንንሽ ሣጥኖች ሲገቡና ሲወጡ ኖረዋል፤ ፍጥነታቸውን ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይኑ ይደክመዋል።

መርፌ ፊደል ለቃሚ ነው። ዛሬ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ስለተመናመነ ትንሽ ልንገራችሁ። ኮምፒዩተር የሚሉት ሳይመጣ በፊት መጽሐፍ የሚታተመው ከእርሳስ በተሠሩ ጥቃቅን ፊደላት ነበር። ለቃሚው ሣጥኑ ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ያነሳል፣ በግራ እጁ በያዘው ብረት ላይ ገልብጦ ይደረድራል፣ መስመሩ ሲሞላ ወደ ገጽ ያሸጋግራል፣ ገጹ ሲሞላ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ ያስራል። የእኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ ሣጥኑ ግድግዳ ያህላል፤ ለቃሚው ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። የእንግሊዝኛው ግን ሁለት ሣጥን ብቻ ነው፤ ትልልቁ ፊደል በላይኛው፣ ትንንሹ በታችኛው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትልቁን ፊደል እስከ ዛሬ ‹አፐር ኬዝ›፣ የላይኛው ሣጥን ማለት ነው፣ የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ይቺ እንኳ የታወቀች ናት፤ ማንም አይከራከርባትም።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? መርፌ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። የሚለቅመው እንግሊዝኛ ግን ስህተት አይገኝበትም። ቃሉን የሚያውቀው በመልኩ ነው፤ የሰፈር ሰው ስሙን ሳናውቅ በመልክ ብቻ ሰላም እንደምንለው። የድርጅት ሪፖርት፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ ሁሉን ገልብጦ ደርድሯል። ምን ይላል ብለው ቢጠይቁት ግን አንገቱን በደፋ ነበር። ይህንን ለሦስት ዓመት ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

የጠየቁት የእርማት ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። እኚህ ሰው በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ‹ጋሽ ምናልባት› ነው የሚባሉት፤ ራሳቸውም ያውቁታል፣ አይከፋቸውም። ዛሬ ይዘንባል ወይ ቢሏቸው፣ ምናልባት። ደመወዝ ወጣ ወይ ቢሏቸው፣ ወጣ ይባላል፣ እኔ ግን አላየሁም። ልጃቸው የተወለደች ዕለት እንኳን ደስ ያለዎት፣ ምን ወለዱ ሲሏቸው፣ ‹ሐኪሙ ሴት ናት ብሏል› ብለው መለሱ እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል። እውነት ይሁን አይሁን እሳቸውም አላስተባበሉም። ለአራሚ ግን ከዚህ የተሻለ ጠባይ ከየት ይመጣል? በዓይናቸው ያላረጋገጡትን ነገር አያሳልፉም፤ በቃ።

አንድ ቀን መርፌ የለቀመውን ገጽ ይዘው መጡና የምትለቅመውን ታውቀዋለህ ወይ አሉት። አላውቅም ጋሼ አለ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፤ ከሥራ ሊያባርሩት የመጡ መስሎታል። እሳቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ሰማያዊ እርሳስ አወጡና በፕሩፉ፣ ለእርማት በሚወጣው የሙከራ ወረቀት፣ ጠርዝ ላይ አንዲት ቃል ጻፉለት፣ ‹ዊንዶው›። መስኮት ማለት ነው አሉት። ከዚያ ደግሞ ከየት እንደመጣ ነገሩት፤ በጥንት የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የነፋስ ዓይን ማለት ነበር። መርፌ ቀና ብሎ የክፍሉን መስኮት አየ። ሦስት ዓመት አጠገቡ የቆመበት መስኮት ነው፤ ያን ቀን ግን አዲስ ሆነበት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በሻይ ሰዓት አንዲት ቃል ወይም አንዲት አባባል። ቃሏ፣ ትርጉሟ፣ የት እንደምትነገርና የት እንደማትነገር፣ ከዚያ ደግሞ ታሪኳ። መርፌ የፕሩፉን ጠርዝ በመቀስ ቆርጦ ወደ ቤት ይወስዳል፤ የኩሽናውን ቁም ሳጥን በር በውስጥ በኩል ይለጥፍበታል። ሚስቱ ስኳር ልታወጣ በከፈተች ቁጥር እንግሊዝኛ ፊቷ ላይ ይደቀናል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስንት ጊዜ ይሄን ጉድ ንቀልልኝ ብላዋለች። አንድ ቀን ግን ‹ኦን ቴንተርሁክስ› የምትለዋን አነበበላት። ሰው ጭንቅ ብሎት ነገር ሲጠብቅ የሚባል ነው፤ የመጣውም ድሮ ሸማኔዎች እርጥብ ጨርቅ ከሚወጥሩበት ሜንጦ ነው። ሚስቱ መቀሷን አስቀመጠችና፣ እንዲህ ከሆነስ ሰዎቹ ሥራ ያውቃሉ ማለት ነው አለች። ከዚያ በኋላ ስለ በሩ አላነሳችም።

ሰው በቃላት ምን ያተርፋል የሚል ካለ የመርፌን አማት ይጠይቅ። እኚህ ሴት ልጃቸውን ለዚህ ሲባጎ ለሚያህል ሰው በመስጠታቸው አንድም ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ጉልበታቸውን አሟቸው ከጎረቤት አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ማንኪያ አምጡልኝ ብለው ሊውጡት ሲሉ መርፌ ጠርሙሱን አገላብጦ አየ። ‹ኤክስተርናል›። ይህችን ቃል በሩ ላይ ለጥፏታል። ለውጭ ነው፣ የሚቀባ ነው፣ አይጠጣም ብሎ ከእጃቸው ነጠቀ። ፋርማሲ ሄደው ቢጠይቁ እውነት ሆነ። አማትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹የእኔ ሐኪም› ነው የሚሉት። መርፌ በማግስቱ ይህንን ለጋሽ ምናልባት ሲነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የዕለቷን ቃል ጻፉለት። እሱ እስከ ዛሬ፣ እኚህ ሰው ባይኖሩ ኖሮ እኔ ፊደል እንጂ ሰው አልሆንም ነበር ይላል። ሲናገረው ደግሞ አያፍርም።

ዓመታት ሄዱ። ኮምፒዩተር ገባ፣ ለቃሚዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ የእርሳስ ፊደል ክፍሉ ለካርድና ለደረሰኝ ብቻ ቀረ፤ እዚያ ውስጥ መርፌ ብቻውን ቀረ። ጋሽ ምናልባት ጡረታ ወጡ። ጡረታ ብለው ግን አልተቀመጡም፤ ያን ሁሉ ቃልና አባባል መጽሐፍ አደረጉት፤ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። መጽሐፉን ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ጠባያቸው ነው። የታወቀውን የታወቀ ነው ይላሉ፤ ያልታወቀውን አይደብቁም። ‹ድመትና ውሻ ዘነበ› የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ውሰዱ፤ እኛ ዶፍ ወረደ እንደምንለው ነው። ከሣር ጣሪያ ላይ እንስሳት ይወድቁ ስለነበር ነው ይባላል ብለው፣ ማስረጃ አላገኘሁም ብለው ይጨምራሉ። ‹ሳላሪ› የሚለው የደመወዝ ቃል ከጨው ጋር ዘመድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የጥንት ወታደር ደመወዙን በጨው ይቀበል ነበር የሚለው ግን ይባላል እንጂ አልተረጋገጠም። ሰው እንዲህ አይጽፍም፤ ሰው ሲጽፍ አዋቂ መምሰል ይወዳል።

መጽሐፉ ሲያልቅ ዓይናቸውም አለቀ። የዓይን ግፊት ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ሌላ አልቀረላቸውም። መርፌ ይህን ሲሰማ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ሄደና መጽሐፉን እኔ በእጄ እለቅመዋለሁ፣ በትርፍ ሰዓቴ፣ በነጻ፤ አንቺ ወረቀት ብቻ ስጪኝ አላት። እሷም ጋሽ ምናልባት ያሳደጓት ያህል ነው፤ እሺ አለች። ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር መርፌ ቀን ካርድ፣ ማታ መጽሐፍ ሲለቅም ኖረ። የፕሩፉን ነገር ለእኔ ተዉት ጋሼ አላቸው። ተዉለት። አምስት መቶ ቅጂ ታተመ፤ የርዕሱ ወረቀት ብቻ እንደ ልማዱ ለመጨረሻ ቀረ። ማክሰኞ ጠራዦቹ ሊጀምሩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መርፌ የታተሙትን ወረቀቶች ይዞ ለጋሽ ምናልባት ሊያነብላቸው ቤታቸው ሄደ። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታልና ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀሳል። ‹ኪክ ዘ በኬት› ላይ ደረሰ፤ ባልዲውን መታ፣ ማለትም ሞተ። የታረደ አሳማ ከሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት ስም ነው የመጣው ብሎ አራት ነጥብ ላይ ቆመ። የጋሽ ምናልባት ከንፈር ግን አልቆመም። ድምፅ ሳያሰማ አንድ ቃል ጨመረ፣ ‹ይባላል›።

መርፌ ወረቀቱን አየ። ‹ይባላል› የለም። የሚቀጥለውን ገለጠና አነበበ፤ እዚያም የእሳቸው ከንፈር ‹ምናልባት› ይላል፣ ወረቀቱ አይልም።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። የድሮ ለቃሚ አንድ ልማድ አለው። የአንቀጹ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ብቻዋን ወደ አዲስ መስመር ከወረደች መልክ ታበላሻለች፣ ቦታም ትበላለች፤ ስለዚህ ለቃሚው ብትወጣ የማትጎዳ ቃል ፈልጎ ያወጣል፣ መስመሩም ይሰበሰባል። በማስታወቂያና በሰርኩላር ላይ ይህን እንዲያደርግ የፈቀዱለት ራሳቸው ጋሽ ምናልባት ናቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት። መርፌ መጽሐፉን ሊያሳምርላቸው ብሎ፣ ለአስተማሪው የሚገባው ገጽ አንድ እንከን የማይወጣለት ገጽ ነው ብሎ፣ እጁ በልማዱ ሄዷል። እጁ ቀላል ሆና ያገኛት ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ‹ይባላል› ወይም ‹ምናልባት› ናት። ፕሩፉን ሲያይም ፊደል ነው ያየው፤ ራሱ ያወጣውን ቃል ማን ይፈልጋል?

ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ? የሌለውን አነበበ። በየአንቀጹ መጨረሻ ከንፈራቸውን እያየ ‹ይባላል› አለ፣ ‹ምናልባት› አለ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲጨርስ እጁን ፈልገው ያዙት፤ እንደተጻፈው ነው፣ አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉት። መርፌ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ከቤታቸው ወጣ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ እሱና ሚስቱ ወረቀቱን ከረቂቁ ጋር ሲያስተያዩ ዋሉ። እሷ ረቂቁን ታነባለች፣ እሱ ታትሞ የወጣውን ይከታተላል፤ በጎደለ ቁጥር በልብስ መስፊያ ኖራዋ ጠረጴዛው ላይ መስመር ታሰምራለች። ሠላሳ አንድ ሆነ። ሠላሳ አንድ ቦታ ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያላወቀውን አውቃለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አውቃለሁ እያለ ተጽፏል። ሚስቱ ኖራዋን አስቀመጠችና መስመሮቹን እንደገና ቆጠረች።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጇ ነገራት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሚታረምበት ወረቀት ቢያስፈልግ እሰጥሃለሁ አለች። ግን እንደ እሷ ከሆነ ነገሩ ቢተው ይሻላል። አምስት መቶ ቅጂ እንደገና ማተም አይቻልም፤ አንባቢው ልብ አይለው፤ ሽማግሌው ደግሞ አያዩት። አንድ ደስታ ቀርቷቸዋል፣ እሱን ምን ብለህ ትነጥቃቸዋለህ አለችው። እውነቷን ነው። መርፌን የገደለውም ይህ ነው፤ ዝም ቢል ማንም አይጎዳም ነበር፣ እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ሲያመሰግኑት ይኖሩ ነበር። ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ጋሽ ምናልባት በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መርፌ ቆሞ ነው የነገራቸው። ያወጣውን ቃል፣ ለምን እንዳወጣው፣ ስንት ቦታ እንደሆነ፣ ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ቅዳሜ የሌለውን እያነበበ እንዳታለላቸው። ፈቅደውልኝ ነበር የሚለውን ግን አላነሳም። ሲጨርስ ሠላሳ አንዱንም አንድ በአንድ አንብብልኝ፣ አሁን እንደታተመው አሉት። አነበበ። በየቃሉ ፊታቸው ጭምድድ ይላል። ሃያውን ሲያልፍ ቆመ፤ ቀጥል አሉት፣ ቀጠለ።

«ይህን መጽሐፍ የጻፍኩት ለእነዚያ ቃላት ስል ነው» አሉ ሲያበቃ። «ታሪኩንማ ሁሉም ያወራዋል። እኔ ልጨምር የቻልኩት አላውቅም የምትለዋን ብቻ ነበር። እሷን ነው ያወጣህብኝ።»

መርፌ ወረቀቶቹን አጥፎ በብብቱ ያዘ።

«ለምን ነገርከኝ?» አሉት። «እኔ እንደሆን አላይም።»

«ስለማያዩ ነው ጋሼ። ቢያዩማ ራስዎ ያገኙት ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ መርፌ አለቀሱ ብሎ ደነገጠ፤ ለካ ሳቅ ኖሯል፣ እንባ የቀላቀለ ሳቅ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ሳድን ኖሬ፣ አንድም ለቃሚ ስህተቴ ይቺውልዎት ብሎ በእግሩ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም አሉ። ከዚያ ተቀመጥ አሉት፤ ወረቀትና እርሳስ አወጡና አጻፉት። በየመጽሐፉ ውስጥ የሚገባ አንድ ቅጠል እንዲሆን፣ ሠላሳ አንዱም ከነገጻቸው እንዲዘረዘሩ፣ ከላይ ደግሞ ‹እነዚህን ቃላት ያወጣቸው ለቃሚው ነው፤ የመለሳቸውም እሱ ነው› ተብሎ እንዲጻፍ። መርፌ ይህን በደስታ እሺ አለ፤ ከዚህ የባሰ ቢጻፍበትም አይከፋውም ነበር።

«የርዕሱ ወረቀት አልታተመም አይደል?» አሉት ደግሞ። «አራሚ የሚለው ላይ የእኔን ስም እንዳትጽፍ። እኔ ይሄን መጽሐፍ አላረምኩትም። የራስህን ጻፍ።»

መርፌ አይሆንም አለ። ለመነ፣ ተከራከረ፣ ሰው ምን ይላል አለ። ሽማግሌው አልሰሙትም። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይዟቸው መጣ፤ ካልመጣሁ ትሸውደኛለህ፣ አንዴ ሸውደኸኛል ብለው እምቢ ስላሉ ነው። ሣጥኑ አጠገብ ወንበር ሰጣቸው።

መርፌ ‹አራሚ› የሚለውን ለቀመ፤ ያቺን ቃል እጁ ያውቃታል። ከዚያ የራሱን ስም ሊጀምር እጁን ዘረጋና ቆመ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ የሙሽራ ስም፣ የሹም ስም፣ የሟች ስም፣ የስንቱን ስም ለቅሟል፤ የራሱን ግን አንድም ቀን ለቅሞት አያውቅም። እንደ አዲስ ሠራተኛ የየፊደሉን ቤት እየፈለገ፣ ቀስ እያለ ደረደረው። የእሱ፣ ቀጥሎ የአባቱ። ገጹን አስሮ ጋሽ ምናልባት ፊት አስቀመጠላቸው።

የርዕስ ገጽ ፊደል ትልልቅ ስለሆነ በጣት ይዳሰሳል፤ ግን ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው። መርፌ ጣታቸውን ይዞ ከየት እንደሚጀመር አሳያቸው። ሌባ ጣታቸው በእርሳሱ ላይ ዝግ ብላ ሄደች። አንዱን ፊደል ሳቱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዳሰሱ። ቀጥሎ እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ጠርቶት የማያውቀውን፣ ከአባቱ ስም ጋር ጮክ ብለው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጣታቸውን ከመጨረሻዋ ፊደል ላይ ሳያነሱ፣

«ስህተት የለበትም» አሉ። «ይታተም።»

መርፌ ገጹን አንስቶ ማተሚያው ላይ አስቀመጠ። ቀለሙን ቀባ፣ ወረቀቱን አስገባ፣ አተመ።